የተሰነጠቀው ቅንድብ

ተማም ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ጓዳ ተቀምጦ ሰው ያሳምራል። ብጉር ያጠፋል፣ የሳሳ ፂም ይሞላል፤ አንዳንዱንማ ፈጣሪ ያልሰጠውን መልክ ሰጥቶ ይሸኘዋል። ለራሱ ግን አንድ ፊት ጠፍቶታል። ሚስቱ ኪንሲ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከዘመዶቿ ጋር ወደ ጅቡቲ ተሻገረች፤ ፍተሻው ሲበረታ ከጠላት ወገን ነህ እንዳይባል ፈርቶ ፎቶዎቿን በገዛ እጁ አቃጠለ። ይኸው አምስት ዓመት ሆነው። ሳቋን ያስታውሳል፣ የሻሿን ቀለም ያስታውሳል፤ ፊቷ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቢጠራው ቢጠራው አልመጣ አለው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የሚነግረውም ሰው የለውም።

አንድ ቀን ደሄቦ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ የሞተች እህቷን የመታወቂያ ፎቶ አምጥታ “አሳድግልኝ” አለችው። ዕቃ የጠፋበት ጊዜ ነው፤ በቀረችው አንዲት ትልቅ የፎቶ ወረቀት ላይ አተመና የደበዘዘውን በእርሳስና በምላጭ ሲያወጣ ሰነበተ። ሥራውን ወደደው፤ እሱ ደግሞ የራሱን ሥራ የሚወድ ሰው አይደለም።

ደሄቦ ገና ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

“አቦ፣ ይህቺ ኻድራ አይደለችም!”

“እንዴት አይደለችም?”

“ቅንድቧን ማን ሰነጠቀው? ወላሂ እህቴ ጠባሳ አልነበራትም።”

“ያየሁትን ነው የሠራሁት። ፎቶው ላይ አለ” ብሎ ድርቅ አለ።

ትንሿን ፎቶ በአጉሊ መነጽር አያት። ቅንድቡ ሙሉ ነው። ደግሞ አየ፤ ሙሉ ነው። እሱ ግን ስንጥቁን እዚያው ላይ በዓይኑ አይቶታል፤ ማል ቢሉት ይምላል።

ወደ ትልቁ ፎቶ ዞር ሲል ኪንሲ ትመለከተዋለች። በልጅነቷ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ ውስጥ ስትሮጥ ወድቃ ድንጋይ የሰነጠቀው ቅንድብ! ጠባሳ እንደነበራት እንኳ ረስቶ ነበር። እሱ የረሳውን ዓይኑ ይዞ ኖሮ፣ በሰው እህት ፊት ላይ አይቶ ሣለው።

“ይህን ተዪልኝ። ወረቀት ሲመጣ ሌላ እሠራልሻለሁ።”

“እናቴ ነገ ትመጣለች! ኻድራ ሌላ ፎቶ የላትም፤ ፊቷ እየጠፋብን ነው” አለችና እንባዋ ቀደማት።

ፊት ሲጠፋ ምን እንደሆነ ለተማም አይነገርም። እርሳሱን ቀርጾ ስንጥቁን አንድ አንድ ፀጉር እየጨመረ ሞላው። ሲጨርስ ኪንሲ ሄዳለች፤ የቀረችው ኻድራ ናት። ደሄቦ መርቃው፣ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልላ ወጣች።

ብቻውን ሲቀር ኪንሲ እንዳታመልጠው ቸኩሎ ብጫቂ ወረቀት ሳበ። እጁ አንድ ቅንድብ ሣለ፣ መሃሉ የተሰነጠቀ። ከቅንድቡ በታች ምን እንደነበር እስኪመሽ ቢያስብ አልመጣለትም። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ማንም ወደማይጠብቀው ቤቱ ሄደ።