አርባ ዳዶ ያለው ቀሚስ

ስድስተኛዋን ጣት ባታይ ኖሮ ሰፊዋ የሰውየውን ትከሻ ለክታ፣ ቁጥሩን በኖራ ጽፋ፣ "የሚቀጥለው!" ብላ ታልፈው ነበር። ሰውየው ግን እጅጌው እንዲለካለት የግራ እጁን ዘረጋ። ከአውራ ጣቱ ሥር አንዲት ጥፍር ያላት ትንሽ ጣት ተንጠልጥላለች። የያዘችው ሜትር ከእጇ ወደቀ።

ያቺን ጣት ታውቃታለች። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ድንበሩ ላይ ተኩስ ሲከፈት፣ ሰው ተደራርቦ በተጫነበት መኪና ሲሸሹ፣ ታጣቂዎች ኬላ ላይ አስቆሟቸው። አንዱ ወደ ላይ ተንጠራርቶ የልጇን ኮሌታ ጨመደደና "አንተ ውረድ!" አለ። ልጁ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሷ የዚያን እጅ ጣቶች አንድ በአንድ ፈለቀቀች፤ አምስቱን አላቀቀች፣ ስድስተኛው ቀረባት። መኪናው ሄደ፣ ልጁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሞቷል ያላት የለም፤ አለ ያላትም የለም።

"እህቴ፣ ሜትርሽ ወደቀ" አለ ሰውየው፤ ጎንበስ ብሎም አነሳላት። አላወቃትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ተፈናቃዮቹ የሰፈሩት በአንድ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ቤተሰብ ከቤተሰብ የሚለየው በብርድ ልብስና በሸራ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ አሥር ሰው "ይማርህ" ይላል። ሚስዮኖቹ የመጡት በሦስተኛው ወር ነው። ሳሙና አመጡ፣ ብርድ ልብስ አመጡ፣ ለእሷም በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ሰጧትና ሰፊ ሆነች። ፓስተሩ ሸምገል ያለ፣ ደቃቃ ሰው ነው። ሴት ልጇ ባተኮሳት ጊዜ በጀርባው አዝሎ እስከ ክሊኒክ ያደረሳት እሱ ነው፤ ይህን አትክድም። ሊጠመቁ ለተዘጋጁት ሃያ ሦስት ሰዎች ነጭ ቀሚስ ስፊ ሲላትም ደስ ብሏት ነበር የተቀበለችው።

ያን ቀን ግን ልኬቱን አቋርጣ ወደ እሱ ሄደች። መጽሐፉን ዘርግቶ አገኘችው።

"ፓስተር፣ ያ ስድስት ጣት ያለውን ሰውዬ ከየት አመጡት?"

"እሱም እንዳንቺ ቤቱ ተቃጥሎበት ከወዲያ ማዶ የመጣ ነው። ምነው?"

"ልጄን ከመኪና ያወረደው እሱ ነው።"

ፓስተሩ መነጽሩን አወለቀ። "እህቴ፣ እዚህ መጋዘን ውስጥ ከሁለቱም ወገን የሸሸ ሰው ጎን ለጎን ይተኛል። እኛ ሥራ ስንጀምር አንድ ደንብ አወጣን፤ ወደ ውሃው የሚመጣን ሰው ያለፈውን አንጠይቅም። ብንጠይቅ ኖሮ እስካሁን ተራርደን ነበር።"

"እንዲታረድ አልጠየቅሁም። ልጄን የት እንዳደረገው ይጠይቁልኝ።"

"ልቡ ሲዘጋጅ ራሱ ይናገራል።"

"የሱ ልብ እስኪዘጋጅ የኔ ይቆማል።"

"ይቅር በይ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።"

"እንግዲያው አልጸልይም" ብላ ወጣች።

ጎረቤቷ፣ ከሸራው ማዶ የምትኖረው ልብስ አጣቢ፣ ሁሉን ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። ለዚህኛው ጭራሽ ነጭ ቀሚስ ሊሰፋለት?"

"እሰፋለታለሁ" አለች ሰፊዋ። "አሳምሬ ነው የምሰፋለት።"

"ኧረ ፊትሽ አስፈራኝ።"

"አይዞሽ። ልብስ ብቻ ነው።"

የሚስዮኖቹ የጥምቀት ቀሚስ አሠራር አለው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውሃው ገልቦ የሰው ገላ እንዳያሳይ፣ ጠርዙ ታጥፎ በውስጡ አራት ትንንሽ የብረት ዳዶ ይሰፋበታል። እሷ ለሃያ ሁለቱ አራት አራት ሰፋች። ለእሱ ግን ከመጋዘኑ ጀርባ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ የጎማ ዳዶ ለቀመች፤ ቡጢ የሚያክል፣ የዛገ። አርባ ሰፋችበት። ታችውንም አጠበበችው፤ ለመራመድ ይበቃል፣ ለመንፈራገጥ አይበቃም። ክሩን በሰም እያሸች በእጥፍ ሰፋችው። በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ኮሌታውን የጨመደደው እጅ ይታያታል። ውሃ ውስጥ ሲደፋ፣ አፉን ከፍቶ ሲንደፋደፍ ይታያታል፤ ደስም ይላታል።

አንድ ነገር ብቻ ያብከነክናት ነበር፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጇ። ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ትንሽ ከዘገየች እናት ሬሳዋ ሲመጣ ነው የሚታያት። ሰውየው ቢሞት እሷ ትታሰራለች፤ ልጅቷ ማን እጅ ትወድቃለች? ደግሞስ እሱ ከሞተ የወንድ ልጇን ቦታ የሚናገር ማን ይቀራል? መርፌውን ጣለች፤ መልሳ አነሳች። ዳዶዎቹን ግን አልፈታችም። በማግስቱ መቀሷን ስላ ስላ ምላጭ አስመሰለቻት። ልጇንም "ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ ከኋላዬ አትጥፊ" አለቻት።

"ለምን እማዬ?"

"የምትጽፊው አለ።"

የጥምቀቱ ዕለት ጠዋት መጋዘኑ በሙሉ ወንዝ ዳር ወጣ። ወንዙ ደፍርሶ በቀስታ ይፈሳል፤ ታቹ ጭቃ ነው። ቀሚስ የምታለብሰው እሷ ናትና የሰውየው ተራ ሲደርስ ራሷ አጠለቀችለት።

"እህቴ፣ ከበደኝ" አለ።

"ኃጢአትህ ይሆናል የከበደህ። ውሃው ያቀልልሃል።"

ሰውየው ፈገግ ብሎ እንደ ሙሽራ እየተቆነነ ገባ። ውሃው ደረቱ ላይ ደረሰ። ፓስተሩ ለተጠማቂ ሁሉ የሚያቀርባትን ጥያቄ ጠየቀው፤ "አሮጌውን ሰው እዚህ ትተኸው ትወጣለህ?" "እተወዋለሁ!" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። መዘምራኑ እልል ብለው መዝሙር ጀመሩ። ፓስተሩ ወደ ኋላ አጋድሞ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ አወጣው፤ ሊለቀው ሲል ግን ሰውየው ዞሮ መራመድ አቃተው። ጠርዙ እግሩ ላይ ተጠመጠመ፤ ጭቃው ያዘው፤ ተንገዳግዶ እስከ አገጩ ሰመጠ። ፓስተሩ በሁለት እጁ ብብቱን ይዞ "እርዱኝ!" ብሎ ጮኸ።

ሁለት ጎረምሶች ሊገቡ ሲሉ ሰፊዋ ቀደመቻቸው። "ወደ ኋላ! የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ስፌቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ከጎተታችሁት ይብስ ይጠመጠማል።" እውነቷን ስለሆነ ቆሙ። ከነልብሷ ገብታ፣ መቀሷን ከውሃው በላይ ይዛ ፊቱ ቆመች።

"አወቅኸኝ?"

"ቁረጪልኝ እህቴ! ቶሎ!"

"ኬላው ላይ ጣትህን የፈለቀቅሁት ነኝ። ልጄን የት አደረግኸው?"

ሰውየው አያት። ውሃው ከንፈሩን ነካው። ከዚያ ወንዝ ዳር የቆመው ሕዝብ ሁሉ እየሰማው፣ "የትኛውን?" አለ።

መዝሙሩ ተቋረጠ።

"ሰማያዊ ሹራብ የለበሰውን" አለች። "ለአንድ መልስ አንድ ስፌት እቆርጣለሁ። አርባ ናቸው፤ ጊዜ አለኝ።"

"እህቴ፣ ስለ ጌታ ብለሽ!" አለ ፓስተሩ። ሰውየው ከእጁ ሊያመልጠው ነው።

"እርስዎ አጥብቀው ይያዙት። ደንብዎ አይጠይቅም፤ የኔ ይጠይቃል።"

ፓስተሩ ሰውየውን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

"ሞቷል" አለ ሰውየው።

እሷ ይህን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ ሌት ተቀን፣ ለራሷ ስትነግረው የኖረች ናት። ከሰው አፍ ሲወጣ ግን አንዴ ውሃው ውስጥ ዝቅ ብላ ተነሳች። ከዚያ እጇን ውሃው ውስጥ ሰድዳ አንድ ቆረጠች።

"የት?"

"ከኬላው በታች። የጭነት መኪና ሚዛን ያለበት ግቢ ጀርባ። የኖራ ጉድጓድ አለ።"

ሁለተኛ ቆረጠች። "ብቻውን ነው?"

"ሦስት ናቸው።"

ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት ጮኸች። ሌላ እናት ነበረች። ሰፊዋ ግን ሦስተኛ ቆረጠች።

"የኔ በየት በኩል ነው?"

"በ... በግድግዳው በኩል። መጨረሻ ላይ የገባው እሱ ነው። እናቴ፣ ደከመኝ..."

"እናቴ አትበለኝ። ምን አለ? ሲሞት ምን አለ?"

ሰውየው አለቀሰ። "'እናቴ መኪናው ላይ ናት፣ ትሂድ፣ አትከተሏት' አለን።"

መቀሷን ወደ አንገቱ ብታነሳው የሚያግዳት አልነበረም፤ እጇም ሄዶ ነበር። ዞር ብላ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ደረቅ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ እንባዋ ገጹን እያራሰው ትጽፋለች። እናት ጎንበስ አለችና ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። ዳዶዎቹ ጭቃው ውስጥ ረገፉ።

ጎረምሶቹ ጎትተው አወጡት። ብርድ ልብስ የሚያድሉት ሴቶች ክምሩን ታቅፈው ቆመዋል፤ አንዷም አልሰጠችው። ልብስ አጣቢዋማ ጭራሽ የሷን ድርሻ ቂጧ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። ፓስተሩ የራሱን ኮት አውልቆ ሊያለብሰው ሲጠጋ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች።

"አልጨረስንም።"

"ተናገረ እኮ፣ እህቴ። አሁንስ ልብሽ..."

"ልቤን ተዉልኝ ፓስተር። ይቅር በይ የሚለኝ ሰው ካለ ልጄን ከቀበርኩ በኋላ ይምጣ።"

ፓስተሩ ኮቱን በክንዱ እንደያዘ ቀረ። እሷ ጥርሱ ከሚንገጫገጨው ሰውዬ ፊት፣ ከነርጥብ ልብሷ ተቀመጠች።

"ጉድጓዱ ምን ያህል ይጠልቃል?"

"አንድ... አንድ ቁመት።"

"የማን ቁመት? ያንተ ነው የሱ?"

ሰውየው አንገቱን ደፋ። "የሱ።"

"ጻፊ" አለቻት ልጇን።