ፊቷ የጠፋ ሴት

ካራ አይደለም፣ ካራ ቢሆን መስመር ይተው ነበር፣ ብራና ስጠግን ሃያ ዓመቴ፣ የተፋቀና የታሸ ይጠፋኛል እንዴ፣ በአጉሊ መነጽሩ ሥር፣ በብራናው ሥዕል ላይ፣ ቁስለኛው ፈረሰኛ እንደተጋደመ ነው፣ የውሃው ምንጭ አለ፣ ቅባት የያዘው የአስማተኛዋ እጅ አለ፣ ፊቷ ብቻ የለም። ድብዝዝ ያለ ቡናማ።

ሙሴ ኬርቬላ ቸኩሏል፣ አለቃ አይደል፣ አዚሊዝ፣ ለኤግዚቢሽኑ የሥዕሉን መግለጫ እስከ ቀትር አድርሺልኝ፣ ምን ያስጨንቅሻል፣ መተተኛ ናት፣ ጠልተው ፋቋት ብለሽ ጻፊ፣ ሕዝቡ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል። ይወዳል እንጂ! እታች በሙዚየሙ ሱቅ ውስጥ የአገራችን የብሬታኝ አስማተኞች ሁሉ በካናቴራና በኩባያ ላይ ይቸበቸባሉ፣ ልጆቹ በኮምፒውተር ጨዋታ እሷን ካልሆንኩ ብለው ይጣላሉ፣ የስምንት መቶ ዓመቷን፣ በሕይወት ያለችዋን ግን በጓሮ በር ነው የሚገቡባት፣ እማዬን፣ የተቃጠለ ሰው ላይ እፍ ብላ እሳቱን የምታወጣዋን፣ በነጋታው ገበያ ላይ ያቺ ጠንቋይ ይሏታል። እኔስ። እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ። አፍሬባት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የጠፋው ፊት ጠርዝ ወዛም ነው፣ ቀለሙ ወደ ታች ተጎትቷል፣ ይሄን የሆነ ቦታ አይቻለሁ፣ የት፣ በጸሎት መጻሕፍት ላይ፣ የቅዱሳኑ እግር ጋ፣ ከንፈር! ስመው ነው ያጠፏት።

በሩ ይከፈታል፣ ኬርቬላ፣ እጁን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ፣ የፈላ ውሃ ደፋሁበት፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ስሚ፣ ዘበኛው ዴኔዝ በእናንተ መንደር እሳት የምታወጣ ሴትዮ አለች ይለኛል፣ ታውቂያት እንደሆነ፣ ደግሞ በእኛ መካከል ይቅር። አላውቃትም ማለት ይቀላል፣ ምላሴ ላይ ነው። እናቴ ናት፣ ስልኳን ልጻፍልዎ። ልብስ ሰፊ አልነበረችም እንዴ? ዋሽቼ ነው፣ ብቻ አመሰግናለሁ እንዳይሏት፣ ካመሰገኗት አይሠራም። ታዲያ ምን ልበላት?

ምን ይበላት፣ እኔስ በስምንት ዓመቴ ምድጃ ላይ ወድቄ ስታድነኝ ምን አልኳት፣ ምንም፣ ክልክል ነው ብዬ ዝም፣ አርባ ዓመት ዝም፣ መሳምን ግን ማን ከለከለኝ። መግለጫውን እጽፋለሁ፣ አንድ መስመር፣ ይህችን ሴት አንባቢዎቿ ስመው ጨረሷት። እሁድ እማዬ ጋ እሄዳለሁ፣ በፊት ለፊት በር፣ እስማታለሁ፣ ገና ፊቷ ሳለ።