የቡራሌ ልብና የሀይቤ እሳት

ቡራሌ ልቡን ታክሞ ከሕንድ የተመለሰ ሰሞን ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ያለው ቤቱ በጠያቂ ተጨናነቀ። ሰው ሁሉ «እንኳን አላህ ማረህ» ካለ በኋላ አይነሳም፤ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ይጠብቃል። ሐኪሞቹ ልቡን እንደተኮሱት ከተማው ሰምቷል። በሶማሌ አገር ደግሞ እሳት የታወቀ መድኃኒት ነው። ጉበቱን ያመመውም ወገቡን የያዘውም በጋለ እንጨት ይተኮሳል፤ ሲድን ጠባሳውን ገልጦ ያሳያል። ታዲያ ቡራሌ ሸሚዙን ቢከፍት ደረቱ ከነፀጉሩ ደህና ሆኖ ተገኘ።

«የታለ ታዲያ?» አለ ታላቅ ወንድሙ ሀይቤ።

ሀይቤ ዕድሜውን ጅጅጋ ገበያ ግመል ሲሸጥ ስለኖረ አማርኛው አይታማም። ቡራሌ ድሬዳዋ ያደገ ነው፤ ሚስቱ ዘኪያም የድሬ ልጅ ናት። በዚያ ቤት ጠቡም ፍቅሩም በአማርኛ ነው።

«ውስጥ ነው የተኮሱኝ፣ ልቤ ላይ።»

«በየት ገብተው?»

ቡራሌ ዘኪያን አየ። ዘኪያ ጣሪያውን አየች።

«በ... በብሽሽቴ።»

«አሳየና!»

«አላሳይም!»

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ አንድ ነገር ይዞ ቀረ፤ ቡራሌን ሐኪሞቹ ሸውደውታል። ጠባሳ የሌለው መተኮስ የት አገር አለ?

እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ቡራሌ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ታክሲ ነጂ ነው። የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ የወፈረ ሲሆን፣ ኋላ ላይ ደግሞ ምቱ እየተዛባ ሻንጣ ማንሳት ቀርቶ ደጃፉን መውጣት አቅቶት ነበር። ሐኪሞቹ በብሽሽቱ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ምቱን የሚያውከውን የልቡን ክፍል ተኮሱለት። ሲሸኙት ታዲያ «ልብህ ወፍራም ስለሆነ እንደ ሌላው ሰው በአንዴ ላይሳካ ይችላል» አሉት። ይህች ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታ ቀረች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ቡራሌ ደረቱን ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ዘኪያ፣ ተመልሶ መጣ።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሕክምናው አልያዘም። በከንቱ ነው የተንከራተትነው።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዘኪያ ባሏ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ስልኳን አንስታ ወደ ዶክተር ኪን መደወል ጀመረች። ኪን እዚያው ሀርጌሳ የምትከታተለው የልብ ሐኪም ናት።

ከዶክተሯ መልስ በፊት ግን ሀይቤ ደረሰ። ወሬ ክንፍ አለው። በአንድ እጁ ፍም የሞላ ማንደጃ፣ በሌላው የተሾለ እንጨት ይዟል።

«በሽታና እሳት አብረው አያድሩም ይላሉ አባቶቻችን። ፈረንጅ የጀመረውን እኔ ልጨርሰው። ተኛ!»

ቡራሌም ተኛልህ! የተማረ፣ ስንት አገር ያየ ሰው፣ ሸሚዙን ፈትቶ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ማንም ይምጣ ማን እጁን ለዘረጋ ሁሉ እሺ ያሰኛል።

ዘኪያ ቱግ አለች። «አቦ ጋሼ ሀይቤ! የደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ነው፣ ቁስሉ ቢደማስ ማን ያቆመዋል?» ሀይቤ እንጨቱን ፍሙ ላይ አስቀመጠ። ቁጣ እንዳልሠራላት ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ። አንድ ነገር ይመልሱልኝና ይተኩሱት። ገና የተተኮሰ ሰው ቁስሉ ቢያብጥበት ምን ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ፤ ይተዋል።»

«ቢያቃጥለውስ? አልዳንኩም ብሎ ቢጮህስ?»

«ይጩሃ! ማመሙ መዳኑ ነው።»

«እላዩ ላይ አይደግሙትም?»

«አብደሻል እንዴ! ቅርፊቱ ሳይወድቅ ቁስል ላይ ቁስል የሚጨምር...»

ሀይቤ እንጨቱን አየ፤ ወንድሙን አየ፤ እንጨቱን ከፍሙ አነሳና ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ቸስ ብሎ ጠፋ።

ዶክተር ኪን ስልኩን ስታነሳ የነገረቻቸውም ይህንኑ ነበር። የተተኮሰው ቦታ እስኪሽር ልብ ይታወካል፤ ያዘ አልያዘም የሚባለው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በዚያው ጠዋት አስመጥታ መረመረችው፤ መድኃኒቱን ጨመረችለት፤ ምቱም ቀስ በቀስ ረጋ።

ከዚያ በኋላ ሀይቤን ማን ይቻለው! ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «ቅርፊቱ አልወደቀም! አታድክሙት!» እያለ ይመልሳል። ቡራሌ ጀሪካን ሊያነሳ ጎንበስ ካለ ጩኸቱ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። «አቦ፣ ፍሙ ይሻለኝ ነበር» ይላል ቡራሌ።

ሦስቱ ወር ሞላ። ቡራሌ ምቱን የሚቀዳ መሣሪያ ደረቱ ላይ ለጥፎ ሰነበተና ውጤቱን ሊሰሙ ሦስቱም ክሊኒክ ሄዱ። ዶክተሯ ስክሪኑን ስታይ ቡራሌ የዘኪያን እጅ ጨምቆ ሊሰብረው ደረሰ።

«ረግቷል» አለች ኪን። «ጡንቻው ያው ወፍራም ነው፤ የደም ማቅጠኛውም አይቋረጥም። ምቱ ግን ይዟል።»

ዘኪያ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ነርሷ ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ ገባች። ቡራሌ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ሲስቅ ኪን ወደ ሀይቤ ዞረችና በሶማሊኛ «አጎቴ» ብላ ጠራችው።

«አዴር፣ ይህ ውፍረት በቤተሰብ ይወረሳል። እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?»

«እኔ? ግመል ስጎትት ውዬ የማይደክመኝ ሰው!» አለና በሩን አየ።

«አንተ ፍም ይዘህ ስትመጣ እኔ ተኝቼልሃለሁ» አለ ቡራሌ። «አንተ ለመመርመሪያው ቀዝቃዛ ቅባት አትተኛም?»

ሀይቤ እያጉረመረመ ተኛ። ሸሚዙን ሲገልጥ ከግራ ጡቱ በታች ያረጁ ክብ ክብ ጠባሳዎች ታዩ።

«ይሄ መቼ ነው?» አለ ቡራሌ።

«ጎረምሳ ሳለሁ። ልቤ እየሮጠ እንቅልፍ ሲነሳኝ ራሴው ተኮስኩት። ለማንም አልነገርኩም።»

«አሁንስ ይሮጣል?»

«አንዳንዴ።»

ዶክተር ኪን ቅባቱን ቀብታ መመርመሪያውን ደረቱ ላይ እያንቀሳቀሰች ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየች። «የእርስዎም ወፍራም ነው፣ አዴር» አለች በቀስታ። «ግን አይዞዎት፤ ቶሎ ክትትል ከጀመርን መላ አለው።»

እሳት የማይፈራው ሰው የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጧል። ቡራሌ ከአንገቱ ሻርፑን አውልቆ የወንድሙን ደረት ከቅባቱ ጠረገለት፤ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፈለት።

«ተነስ፣ ሀይቤ» አለው። «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።»