እንግዳ ሲመጣ የሚድነው አሳንሰር

እኔን የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር ባለሙያ ሲያይ የሚድን ብልሽት ነው። የታመመ ሰው እንኳ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ያቃስታል። ሚዛን አማን ከተማ ያለው የአቶ ተካ ሕንፃ አሳንሰር ግን እኛ ስንደርስ ጤነኛ ነው፤ በየፎቁ ያሉት መጥሪያዎች ይበራሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ባለሙያው ቦርሳውን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ደግሞ ጭጭ! ብትጫነው አይበራም፣ ብትደበድበውም አይመጣም። የሥራ ባልደረቦቼ ከጅማ ተመላልሰው መጥሪያዎቹን በሙሉ በአዲስ ቀየሩና «ምንም የለውም» ብለው ተመለሱ። ምንም የለውም ይሉኛል!

ስሜ ዲቦራ ነው፤ አሳንሰር እጠግናለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሚዛን ነው። ያን ሰኞ ቴፒ ሌላ ሥራ ላይ እያለሁ አቶ ተካ ደወሉልኝ።

«ዲቦራ፣ በቃኝ። ዛሬ ካልተገኘለት ነገ በሮቹን በብሎኬት አስደፍናለሁ፤ ለዕቃ ማስቀመጫ ይሆነኛል።»

«እስኪ» አልኳቸውና ስልኩን ዘጋሁ። እመጣለሁም አላልኩም። ሥራዬን እንደጨረስኩ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳይታሰብ ከተፍ አልኩ።

ምድር ቤት ከአሳንሰሩ በር ፊት ሰሎሜ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ፣ የሙሽራ ቀሚስ በጭኗ ይዛ አገኘኋት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም። ምድር ቤቱን የቡና ነጋዴዎች ስለያዙት ሱቋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ እምቢ ባለ ቁጥር የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ሳህሉ በጀርባቸው አዝለው ያወጧታል።

«ጋሽ ሳህሉ ደግ ናቸው» አለችኝ። «ግን ደንበኛ ቆሞ እያየኝ፣ በሰው ጀርባ ላይ ሆኜ ‹ግቡ፣ ልለካችሁ› ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እነዚህን በሮች ከደፈኗቸው ሱቁን እዘጋለሁ። ዕድሜ ልኬን ሽማግሌ ጀርባ ላይ አልኖርም።»

መጥሪያውን ተጫንኩት። አልበራም። ለእሷ ባዝንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በውስጤ ደስ አለኝ። ይኼን አሳንሰር ታሞ ያገኘሁት የመጀመሪያዋ ባለሙያ እኔ ነኝ!

የመጥሪያውን ሽፋን ፈትቼ በቴስተር ለካሁት። ኃይል አለው፤ መልእክቱ ግን አይሄድም። እነዚህ መጥሪያዎች ሁሉም ከላይ በሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ላይ ተሰልፈው ነው የሚናገሩት። አንዱ ሲጫኑት «እዚህ ሰው አለ» ይላል፤ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው ዋናው ቦርድ ይሰማውና መብራቱን ያበራለታል። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ሞከርኩ፤ እነሱም ዝም። አንዱ ብቻ ቢሆን ችግሩ የራሱ ነው እል ነበር። ሁሉም ከሆኑ ግን ነገሩ ያለው ከላይ፣ ከገመዱ መነሻ ነው።

ተመልሼ ወርጄ ሰሎሜን «የሚብስበት ቀን አለ?» አልኳት።

«ቅዳሜ፣ ገበያ ሲውል ይጀምረዋል። ሳምንቱ ሲጋመስ እየተሻለው ይመጣል። ዝናብ ከበዛ ደግሞ ይቆይበታል።»

ጉድ እኮ ነው! የገበያ ቀን የሚያውቅ ገመድ የት አለ? ናላዬ ዞረ። በርሬ ወደ ጋሽ ሳህሉ ሄድኩና የሞተሩን ክፍል ቁልፍ ጠየቅኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ልጥረግልሽ» አሉኝ ደንገጥ ብለው። «ከእነ ቆሻሻው እንግዳ ይገባበታል እንዴ? ዛሬ ደግሞ ሳትናገሪ ዱብ አልሽ።»

«ጋሽ ሳህሉ፣ እኔ የመጣሁት ለጥየቃ አይደለም!» ብዬ ቁልፉን ከእጃቸው ወሰድኩ። ቅር አላቸው። ምን ላድርግ፣ ጠባዬ ነው። አራተኛ ፎቅ ደንበኛ እየጠበቀቻት ስለነበር እሳቸው ጎንበስ ብለው ለሰሎሜ ጀርባቸውን ሰጧት፤ እኔ ቀድሜያቸው ወጣሁ።

ጣሪያው ሥር ያለውን የሞተሩን ክፍል ስከፍተው የኮረሪማ ሽታ አወደኝ። ቀና ብል፣ ከገበያ የመጣ የሚመስል ቀይ እሸት ኮረሪማ በቃጫ ተሰክቶ ከግድግዳ ግድግዳ ተንጠልጥሏል። የተንጠለጠለው በምን ላይ ነው? በእኔው ገመድ ላይ ነዋ! እርጥቡ ኮረሪማ ገመዱን ቁልቁል ጎትቶት፣ መሰኪያው ከቦርዱ ላይ አፉን ከፍቷል። ኮረሪማውን በእጄ ከፍ አደረግኩት፤ የቦርዱ መብራት በራ። ለቀቅኩት፤ ጠፋ። ደግሜ አነሳሁት፤ በራ። ብቻዬን ሳቅኩ። ቅዳሜ እርጥቡ ይሰቀላል፣ ገመዱ ይሰጥማል፤ ሲደርቅ ይቀላል፣ አሳንሰሩም ይድናል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ይወርድና ክፍሉ ይጠረጋል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ማለት ይኼ ነው።

መሰኪያውን አጥብቄ በብሎን አሰርኩት፣ ገመዱን ከግድግዳው ጋር አያያዝኩት። ኮረሪማውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ለመጮኽ ተዘጋጅቼ ወረድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ጋሽ ሳህሉ ግድግዳውን ተደግፈው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ሰሎሜ ጀርባቸው ላይ ናት፣ ቀሚሱን እንዳይጨማደድ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። መጮኹን ተውኩት። ኮረሪማው ገመዱን እንዴት እንደነቀለው ቀስ ብዬ ነገርኳቸው።

ጋሽ ሳህሉ ሰሎሜን ደረጃው ላይ በቀስታ አስቀመጧትና አጠገቧ ዘጭ አሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያ መኪና ከሸኮ ከማሳዬ የማመጣው ነው» አሉ። «ዝናቡ አላስደርቅ ብሎኝ። በጭስ ካደረቅኩት ጠረኑ ይበላሻል፤ እዚያ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት አለ። ባለሙያ ሲመጣ አፍሬ አወርደዋለሁ።» ጀርባቸውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። «እኔው ሰብሬ፣ እኔው ተሸክሜ?»

ሰሎሜ ዓይኗ እንባ ሞላ። ንዴት ነው። «እኔ እኮ በየደረጃው ‹ጀርባዎን አይመምዎ› እያልኩ ስመርቅዎት ነበር፣ ጋሽ ሳህሉ!»

«መርቀሽኛል ልጄ፤ ባትመርቂኝ ኖሮ ይኼኔ ሞቼ ነበር» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ለአቶ ተካ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ያባርሩኝ።»

እንደሚያባርሯቸው ሦስታችንም አውቀናል። እኔ ግን አሳንሰሩ መዳኑን ማየት ነበረብኝ፤ ከሕንፃው ደጅ ለማይጠፉት ለአቶ ተካ ደወልኩላቸው። «ምድር ላይ ያለውን መጥሪያ ይጫኑ። ከበራ የሰሎሜን ወንበር ይዘው ሦስተኛ ይምጡ።»

«በራ! ኧረ በራ!» ሲሉ ከስልኩ ይልቅ በደረጃው ሰማኋቸው። ወዲያው በሩ ተከፍቶ ዊልቸሩን እየገፉ ወጡ። አሳንሰሩ ከኋላቸው ተዘግቶ ወረደ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«መሰኪያ ላልቶ ነው። አሰርኩት።»

«ይኸው ነው?» አሉና ትከሻዬን አዩ፤ አሸተቱ። «ይኼ ኮረሪማስ ከየት መጣ?»

ጋሽ ሳህሉ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሰሎሜ ቀደመቻቸው።

«የእኔ ነው። መስኮቴ ፀሐይ ስለሚያገኝ እዚያ ላደርቀው ነው። ይፈቀዳል?»

«መስኮትሽ እኮ የራስሽ ነው» ብለው አቶ ተካ ብሎኬቱን ሊያስቀሩ እየደወሉ በደረጃው ወረዱ።

ሰሎሜን ወንበሯ ላይ አስቀመጥናት። ኮረሪማውን ከትከሻዬ ወስዳ ከቀሚሱ ጋር ጭኗ ላይ አኖረችው። ጋሽ ሳህሉ ልማድ ሆኖባቸው እንደገና ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። እሷ ግን በአጠገባቸው ዞራ አልፋ፣ እጇን ዘርግታ መጥሪያውን ተጫነችው።

በራ።

«ቀና ይበሉ፣ ጋሽ ሳህሉ» አለቻቸው።