ወገቧን ያሰፋች

በእኛ ሆቴል የደንብ ልብስሽ ቢቀደድ ማንም ግድ የለውም። ወገቡን ካሰፋሽ ግን ወሬው ከመርፌው ቀድሞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይደርሳል። ልብስ ሰፊያችንን እትዬን፣ ጉርዷን ልታሰፋ የመጣች ሴት ሁሉ ስሟ ይነገረኝ ብሎ አዟቸዋል። ማጥበብ ችግር የለውም፤ መክሳት ይፈቀዳል!

ስሟ የተነገረባት ሴት በማግስቱ «ለጤናሽ ብለን ነው» ተብላ ምድር ቤት ወዳለው ላውንደሪ ትወርዳለች። እዚያ በእንፋሎት እየተቀቀለች እርጥብ አንሶላ ስትጎትት ትውልና ወር ሳይሞላት በገዛ እግሯ ትሄዳለች። ሳያባርሩ ማባረር ማለት ይሄ ነው። አንዷ ክፍል አጽጂ ልክሰስ ብትል ቦርሳዋ ውስጥ የሆቴሉ ፎጣ «ተገኘ»። ሌባ ተብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ።

እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የምሠራው። እርግዝናዬ አምስተኛ ወሩን ሲይዝ የጉርዴ ቁልፍ እምቢ አለኝ። ባሌ «እስክትወልጂ ቻል አድርጊው፤ እኔ ሥራ ፈት፣ አንቺም ሥራ ፈት ከሆንሽ ምን ልንሆን ነው?» አለኝ።

«አንተ አርግዝና ቻለው!» አልኩት። እውነቱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያበሸቀኝም እሱ ነው።

ጉርዴን ወስጄ እትዬ ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። «ያስፉልኝ። ለመንገር አይድከሙ፣ እኔው ልነግረው እየሄድኩ ነው።»

«ልጄ፣ ምን ነካሽ?» አሉኝ። ቀጥ ብዬ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣሁ።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ጥርሱ ብቻ ሳቀ። «እንኳን ደስ ያለሽ! እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ላውንደሪ ትወርጃለሽ። ለጤናሽ ነው።»

«አልወርድም። ግድ ነው ካሉ በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አሳየዋለሁ።»

ሳቁ ጠፋ። «በጽሑፍ? ጥሩ። ታገኚያለሽ» አለ። ደረጃውን ወረድኩ። ፈርቼ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ!

በማግስቱ ተጠራሁ። እንግዳ ሰድበሻል ተባልኩ። ምስክር ሆና የቆመችው አጠገቤ የምትሠራው፣ ሁላችንም ሚጢጢ የምንላት ልጅ ናት። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ!

«አዎ፣ ስትሳደብ ሰምቻለሁ» አለች፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ።

የምስክርነት ቃሏን ልትፈርም ጎንበስ ስትል ጃኬቷ ተገለጠ። የጉርዷ ቁልፍ አልተቆለፈም። በፀጉር ላስቲክ ነው የታሰረው። ለካስ ምሳ የምትተወው፣ በየሰዓቱ ሽንት ቤት የምትሮጠው ለዚህ ነው! ጃኬቷን ሳብ አድርጋ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ማየቴን አወቀች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የምትይው አለሽ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ነበረኝ እንጂ። «ይቺ ምስክርዎ ለምን እንደምትዋሽ ወገቧን ይዩት» ብል ምስክርነቷ እዚያው ይፈርስ፣ እሷም ላውንደሪ ትወርድ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ አቃጠለኝ። ጠላኋት፤ ከእሱ ይልቅ እሷን ጠላኋት።

«የሰደብኩት እንግዳ የለም» አልኩ። «ሌላ የምለው የለኝም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሻል» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችብኝ። «እህቴ፣ በእናትሽ ይቅር በይኝ! ተናገሪ አለኝ፣ ምን ላድርግ?»

«እጅሽን ከላዬ አንሺ። ይቅርታ የለኝም» አልኳት። «ያልተናገርኩት በሆድሽ ላለው ብዬ ነው፣ ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። አሁን በቀጥታ ልከሰው ነው የምሄደው። ሆድሽ ሳይገፋ ከመጣሽ ምስክሬ ትሆኛለሽ። ከገፋ በኋላ ከመጣሽ ግን አንቺም እንደኔው የተባረርሽ ከሳሽ ነሽ።»

አፏን ስትከፍት ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ በስሟ ጠራት። ጃኬቷን እስከ ታች ቆልፋ ገባች።