የጠላ ቤቱ እንጉዳይ

ሸዋዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አንገቷን ወደ ጨለማው ክፍል አስገባች። ገና ቁርስ እንኳን አልቀመሰችም፤ ይህን መጋረጃ ግን ከነጋ ስንት ጊዜ እንደ ገለጠችው ራሷም አታውቀው። ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ከረጢት አነሣች፣ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረገችው፣ በጣቷ ጫን ጫን አለችው። በውስጡ ያለው ሰጋቱራ ያው ነው፤ እንደ መጣ ቀን ቡናማ። ሥሩ አካባቢ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነጣ ያለ ነገር ይታያል፤ እሱም ካየችው ሰነበተ፣ አልጨመረም።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» አለችው ከረጢቱን።

መልሳ አስቀመጠችና ሌላውን አነሣች። እሱም ያው። ከመስኮቱ ሥር ያሉት ሦስቱ ብቻ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰዋል፣ በነጠላ እንደ ተጠቀለለ ሕፃን። እነሱን ስታይ ልቧ ይሞቃል፤ ሌሎቹን ስታይ ንድድ ይላታል። ባንድ ቀን መጥተው፣ ባንድ ቤት አድረው ምን ለያቸው? ደግማ ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ሳሏ ተነሣባትና መደርደሪያውን ይዛ ጎንበስ አለች።

ክፍሉ ጠላ ቤት ነበር። ሸዋዬ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቀው በዚህ የባሕር ዳር ሰፈር ጠላ እየጠመቀች ነው አንድ ልጇን ሊድያን ያሳደገቻት። ሁለቱ ጋኖቿ ዛሬም አፋቸውን ደፍተው ጥጉን ይዘው ተቀምጠዋል። ግድግዳው እንኳን ወይራ ወይራ ይሸታል። ታዲያ ያ ሁሉ ጭስ ደረቷ ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ኖሯል። ሐኪሙ አዳምጦ፣ የደረቷን ፎቶ አይቶ፣ «እናቴ፣ እንደገና እሳት ፊት ከተቀመጡ እኔም አላድንዎትም» አላት።

ሊድያ የኮሌጅ ላብራቶሪ ሠራተኛ ናት። እናቷን ወዲያው ከባሏ ከግሩም ጋር ወደምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ወሰደቻት። ሸዋዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ከወንበር ወንበር ስትዘዋወር፣ የቤት ሠራተኛዋ ድስት እንኳን ሳታስነካት፣ በመስኮት የሰው አናት ስትቆጥር ሰነበተችና አንድ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሊድያ አኮረፈች። በኋላ ግን ሰጋቱራ የሞላባቸውን፣ የእንጉዳይ ዘር የገባባቸውን፣ አናታቸው ላይ ነጭ ማጣሪያ ያለባቸውን ከረጢቶች አስጭና መጣች።

«እንጉዳይ ጭስ የለው፣ ሸክም የለው» አለቻት። «ለፍልሰታ ካፈራልሽ እዚሁ ትሠሪያለሽ፤ በጾም ወቅት የማይወስድሽ ሆቴል የለም። ካላፈራ ግን ዕቃሽን ጭነን ወደኛ ነው። ቃልሽን ስጪኝ።»

ሰጠቻት። ፍልሰታ እንግዲህ ደጅ ላይ ቆማለች።

«ሸዋዬ! አለሽ ወይ?»

ፀሐይወርቅ ናት፣ ጎረቤቷና የማኅበር ጓደኛዋ። የሐምሌን ጭቃ ከጫማዋ እያራገፈች፣ ሳትጠራ ገባች።

«ሻጋታሽን ስታስታምሚ ነው?»

«እንጉዳይ ነው በይ!»

«እኔ እንጉዳይ በክረምት ከሜዳ በራሱ ሲበቅል ነው የማውቅ። በፌስታል ታስሮ፣ መጋረጃ ተጋርዶለት፣ እንደ አራስ ሲጠበቅ ያየሁት ካንቺ ቤት ነው።»

«አራስነቱንስ እውነትሽን ነው። እንቅልፍ ከልክሎኛል።»

ፀሐይወርቅ ሣቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝማ። የነሐሴ ሚካኤል ማኅበሩ ከእኔ ቤት ነው። ጠላውን ካንቺ በቀር ለማንም አልሰጥም። ባለፈው ከታች ሰፈር ያስጠመቅነውን አላየሽም? አባ አንዴ ጎንጨት አሉና፣ ‹ልጆቼ፣ ይህችን ለበጎቹ› አሉ።»

«ሐኪሙ ያለኝን ነገርሁሽ አይደለም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሞቴ! እሳቱን እኔ አነዳለሁ። አንቺ ከሩቅ ሆነሽ እዘዥኝ።»

«ጋኑንስ ማን ያጥነዋል?»

ሁለቱም ያውቁታል። ጋን ማጠን በትእዛዝ አይሆንም፤ አፉ ላይ አጎንብሰሽ፣ ጭሱን በገዛ አፍንጫሽ አሽትተሽ ነው ‹በቃ› የምትይው።

«በይ አስቢበት» አለች ፀሐይወርቅ ነጠላዋን እየተከናነበች። «ማታ ስመለስ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ሸዋዬ ብቻዋን ስትቀር መቀመጥ አቃታት። ግቢውን ጠረገች። የተጠረገውን ደግማ ጠረገች። ከረጢቶቹን አየች፣ ወጣች፣ ተመልሳ አየች። እነዚህ እንደሆኑ አልሆኑም፣ አለች በልቧ። ያ ፎቅ ይጠብቀኛል። ወንበሩ፣ መስኮቱ፣ «እማ ተይው፣ እማ አትንኪው» የሚለው ንግግር። ጠላ ግን መቼም ከድቶኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብጠምቅ ምን እሆናለሁ? ሰው አንድ ጊዜ ስላጎነበሰ ይሞታል?

ከጣሪያው ሥር የተረፈውን ወይራ አወጣች። ፍሙን ገል ላይ አድርጋ ወይራውን ጨመረችበትና አንዱን ጋን አንከባልላ አውጥታ ደጃፉ ላይ ደፋችበት። ጭሱ ከጋኑ ከንፈር ሥር ሾልኮ ተነሣ። እናንተዬ፣ ያ ሽታ! ወጣትነቷን፣ የደንበኞቿን ጨዋታ፣ የሊድያን የትምህርት ቤት ልብስ ሁሉ ይዞባት መጣ። አጎንብሳ በረጅሙ ሳበችው።

ንፋሱ ከሐይቁ በኩል ነበርና ጭሱን እየገፋ ወደ መጋረጃው ወሰደው።

«ወይኔ ከረጢቶቼ!» ብላ መጋረጃውን ልትከድን ስትሮጥ ሳሉ መንገድ ላይ ያዛት። እንዲህ ያለ ሳል አይታ አታውቅም። ትንፋሿን ፈልጋ አጣችው። ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ አፏን እንደ ዓሣ ከፈተች።

ከረጢቶቹን ልታይ ከሥራዋ ብቅ ያለችው ሊድያ ያገኘቻት እንዲህ ሆና ነው። ጃንጥላዋን ጥላ ሮጠች፣ የእናቷን ጀርባ እያሻሸች ውሃ አጠጣቻት። የእናቷ ትንፋሽ ሲመለስ ጋኑን ዘንበል አድርጋ የተረፈውን ውሃ ፍሙ ላይ ደፋችው። ከዚያ የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ከረጢቶቹ ገባች።

«እማ!» አለች ከውስጥ። «ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ማጣሪያው ላይ የተለጠፈው!»

«ምነው፣ እኔ ነኛ የለጠፍሁት። ያች ነጯ ነገር አየር ታሳልፋለች አላልሽም? ጋን በደንብ ካልተመረገ ጠላው እንደሚኮመጥጥ ታውቂያለሽ። ቀዳዳ እያየሁ ዝም ልበል?»

«ሦስቱን ለምን ተውሻቸው ታዲያ?»

«ፕላስተሩ አለቀብኝ።»

ሊድያ ጥጉ ላይ በቀረው ጋን ላይ ቁጭ አለችና ሣቀች። ሣቋ አላቆም አለ፤ እንባዋ መጣ፤ የመጣው እንባ ደግሞ የሣቅ ብቻ አልነበረም።

«ያቺ አፍንጫቸው ናት እኮ እማ! ቆሻሻውን እያስቀረች አየሩን ታስገባላቸዋለች። አንቺ አፍንጫቸውን ይዘሽ እደጉ አልሻቸው።»

የሸዋዬ እጅ ሳታዝዘው ደረቷ ላይ ሄዶ አረፈ።

ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ፕላስተሩን ይልጡ ጀመር። ሸዋዬ በጥፍሯ ቀስ አድርጋ፣ ከሕፃን ቁስል ላይ እንደምታነሣ፣ ማጣሪያውን እንዳትቀድ ትንፋሿን ይዛ።

«ይተርፋሉ?»

«እንጃ። ገና አረንጓዴ ሻጋታ አላበቀሉም። አረንጓዴ ካሳዩ መጣል ነው። ሦስቱ ግን ለፍልሰታ ይደርሳሉ። ችግሩ፣ እንጉዳዩ እንዲወጣ አፋቸው ሲከፈት ቤቱ ቀን ከሌት እርጥበት ይፈልጋል፤ ይሄ ቆርቆሮ ደግሞ ፀሐይ ብልጭ ካለች እሳት ነው።»

ሊድያ የመጨረሻውን ፕላስተር ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። «እኔ ወደ ሥራ መመለሴ ነው። ማታ ግሩም መኪናውን ይዞ ይመጣል። ዛሬ ያየሁት ጭስ በቃላችን ውስጥ አልነበረም እማ። አላስገድድሽም። ግን ሬሳሽን ደጃፍ ላይ ማግኘት አልችልም። ዕቃሽን ይጫን ወይስ ይመለስ፣ እስከዚያ ወስኚ።»

ጃንጥላዋን አንሥታ ሄደች።

ሸዋዬ ደጃፉ ላይ የተደፋውን ጋን ለረጅም ጊዜ አየችው። አቃንታ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ግድግዳው ከዓመታት ጭስ የተነሣ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ቅባት የጠጣ ይመስላል። ይህ ቃና ነው ስሟን ያስጠራው። ያጠበችው ጊዜ እንኳን ውሃ እንዳያድርበት ወዲያው ትደፋው ነበር። ጋን ውሃ ካሳደሩበት ያልበዋል፣ ያለበትን ቤት ያቀዘቅዘዋል፣ ያረጥበዋል፣ ቃናውም ይለቀዋል። ውሃ ጠጥቶ የከረመ ጋን ለጠላ አይመለስም። ይህን ማንም አልነገራትም፤ እጇ ነው የሚያውቀው።

ተነሣች። ጋኑን እያንከባለለች አስገባችና በመደርደሪያዎቹ መካከል አስተካክላ አቆመችው። ከዚያ ባልዲ ይዛ ወደ ቧንቧው ወጣች።

ሲመሽ ፀሐይወርቅ ስትመጣ ውሃ ሲንቆረቆር ሰምታ መጋረጃውን ገለጠችው።

«ሸዋዬ! አብደሻል? ጋኑን ውሃ?»

«አላበድሁም።»

«እንዲህ ያለ ጋን ከየት ልታገኚ ነው?»

«አላገኝም።»

ፀሐይወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ውሃው ወደ ጋኑ አንገት እየተጠጋ ነው፤ የወይራ ሽታ ከላዩ ላይ እየተነሣ ቤቱን ሞላው።

«ማኅበሩስ ታዲያ?»

«እመጣለሁ። ከደረሰልኝ እንጉዳይ ይዤ፣ ካልደረሰልኝም ባዶ እጄን። አታስገቢኝም?»

«ለምን አላስገባሽም! ግን ይሄ ጋን…»

ደጅ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ፀሐይወርቅ ወደ ውጭ አየት አደረገች። «ግሩም ነው። ዕቃ ሊጭን ነው መሰል፣ ገመድ ይዟል።»

ሸዋዬ ቀና አላለችም። ባዶውን ባልዲ ወደ ፀሐይወርቅ ዘረጋች።

«ገመዱን መኪናው ላይ ይተውና ይግባ በይው። ያንን ሁለተኛውን ጋን ያንከባልልልኛል። አንቺም እስከዚያ ውሃ ቅጅልኝ።»