ነጩ ምልክት

«ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጉት» አለች ማሚት፣ ከአል ማቃም ሰፈር የመጡት ሴቶች ጫማቸውን ሲያወልቁ።

ከፍ ተደረገ። የምግብ ዝግጅት ነበር፤ አንድ ሰውዬ በአረብኛ ሽንኩርት አከታተፍ ያስረዳል። ሴቶቹ በእሱ ድምፅ ተከልለው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው አለቀሱ። መርዶው በተሰማ ዕለት ጮክ ብለው ስላለቀሱ የጎረቤት ቪላ ማዳም ዘበኛ ልካ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚች የአል ጂሚ ሰፈር ጠባብ ቤት ለእስጢፋኖስ የሚለቀሰው እንዲህ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ያሬድ ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ይጨብጠዋል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አጭር ናቸው፤ ጫፋቸው የለም። የማያውቁት ሰዎች መዳፋቸው ጉድለቱን ሲያገኘው ትንሽ ይደነግጡና ቶሎ ይለቁታል።

«እስጢፎ አባት ነበር» ይሉታል። «ለአንተማ ከአባትም በላይ።»

«አዎ» ይላል ያሬድ።

ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል። የአስከሬኑ ወረቀት አልቋል፤ ነገ ከአቡ ዳቢ ይበራል። ያሬድ አብሮ ሄዶ ደሴ፣ እናታቸው አጠገብ ሊቀብረው ነው። የቀረው የአሠሪው፣ የካፊሉ ፈቃድ ብቻ ነበር።

ካፊሉ ሰፍዋን ራሱ መጣ። ጫማውን አውልቆ እንደ ሰው ሁሉ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ፤ ከቴርሞስ የተቀዳለትን ቡና ጠጣ። ስለ እስጢፋኖስ ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የውሸት እንባ አልነበረም። ከዚያ ስለ መኪናዋ አነሳ። የአባቱ ናት፤ አረንጓዴ፣ ከእሱ ዕድሜ የምትበልጥ። በዚህ ሳምንት አቡ ዳቢ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ መቅረብ አለባት። እስጢፋኖስ ወድቆ የሞተው እሷን ሲያስተካክል፣ ሞተሯን ፈትቶ ሳይገጥመው ነው።

«አስነሳትና ወንድምህን ቅበር» አለው በለሰለሰ ድምፅ። «እንዲሁ ጥለሃት ከሄድክ ግን አትመለስ።»

ሴቶቹ ሁሉ አረብኛ ይገባቸዋል። ሁሉም አቀረቀሩ።

ሲወጣ አንዷ በሬሳ ላይ መደራደር ነው ብላ አንሾካሾከች። ማሚት ኩባያዎቹን እየሰበሰበች ነበር።

«ተይው፣ እሱስ መጥቶ ተቀምጧል። የኔዋ ማዳም አባቴ የሞተ ቀን ‘ነገ እንግዳ አለብን’ ነው ያለችኝ።»

ያሬድን ወደ ጋራዡ ያደረሰው አወል ነው፤ የሰፍዋን ሾፌር፣ የእስጢፋኖስ የዘመናት ጓደኛ።

መኪናዋ ኮፈኖዋን ከፍታ ቆማለች። ያሬድ በሌሎች መኪኖች ላይ ሲሠራ ኖሯል፤ ይህችን ግን ነክቷት አያውቅም። እስጢፋኖስ አያስነካም ነበር። ሰፍዋን አልፎ አልፎ «ወንድምህ አይችላትም?» ሲል፣ እስጢፋኖስ የያሬድን አንጓ ይዞ በሰው ፊት ከፍ ያደርገዋል። «ይሄ? ይሄ የገዛ ጣቱን መጠበቅ ያልቻለ ሰው ነው!» ሁሉም ይስቃል። ያሬድም አብሮ ይስቃል። «ሂድ ጎማ እጠብ» ይለዋል ከዚያ።

ጣቶቹን ያስበላው ራሱ እስጢፋኖስ ነበር። ያሬድ ገና ከሀገር ቤት እንደመጣ ነው። ሽጉጥ የሚመስለውን የሞተር ማስተካከያ መብራት ሊያሳየው ጠራው። መብራቱ ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ ስለዚህ ሞተሩ ፊት ላይ በፍጥነት የሚሽከረከረው ፑሊ የቆመ ይመስላል፣ በላዩ ያለው ምልክትም ይነበባል። ምልክቱ ቦታው ላይ ካልሆነ እሳቱ ጊዜውን ስቷል፤ እሳቱን የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ያን ቀን የሞተሩ ማቀዝቀዣ ቬንትሌተርም በብልጭታው ውስጥ ቆሞ ታየ፤ ክንፎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

«ቆሟል» አለው እስጢፋኖስ። «ንካው።»

ነካው።

ሐኪም ቤት እስጢፋኖስ «አዳልጦት ነው» ብሎ ተናገረ። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ጠዋት ጠዋት የያሬድን ሸሚዝ የሚቆልፍለት እሱ ነበር፤ ዓይኑን ሳያይ። ቀልድ ነበር አላለም። ይቅርታም አላለም።

ያሬድ የተፈታውን ሞተር ገጥሞ ሲጨርስ የወንድሙን መብራት አነሳ። ፑሊው ላይ ነጭ የቀለም ምልክት አለ። ሞተሩን አስነሳና ምልክቱን ቦታው ላይ አመጣው። ሞተሩ ተንገጫገጨ፤ ነዳጅ ሲጨምርለት ብረት በመዶሻ እንደሚመታ ተንኳኳ። እሳቱ ያለጊዜው እየቀደመ ነበር። ደግሞ ሞከረ። ያው ነው።

አጠፋው። አንደኛውን ካንዴላ ፈታና ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ሞተሩን በእጁ አዞረ፤ አየሩ ጣቱን ገፋው። ረጅም ካቻቢቴ አስገብቶ ፒስቶኑ ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ ፈለገና ፑሊውን ተመለከተ። ነጩ ምልክት ግን መሆን ከነበረበት ቦታ ርቆ ነበር። እውነተኛው ምልክት መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ብረቱ በሞረድ ተልጎ ያበራል።

«እውነተኛውን ሆን ብሎ ነው ያጠፋው» አለ ያሬድ።

አወል ሻይ ሊቀዳ ዞር አለ።

ያሬድ እውነተኛው ቦታ ላይ በጠመኔ አጭር መስመር አሰመረ። ሞቶ እንኳ ዕውቀቱን አልለቀቀልኝም ብሎ አሰበ። ከዚያ አስነሳት። መብራቱን ይዞ፣ ዲስትሪቢዩተሩን በሁለቱ ጉርድ ጣቶች እየገፋ የጠመኔውን መስመር ቦታው ላይ አመጣው። ማንኳኳቱ ጠፋ። አወል የሞተሩ ክዳን ላይ ያስቀመጠው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሻዩ አልተነቃነቀም።

ሰፍዋን ሲደርስ በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አዳመጠ። የአባቴ ድምፅ ነው አለ። ያሬድን አቅፎ ሁለቱን ትከሻዎቹን ሳመው።

«ማሻአላህ። ለካ አንተም ታውቃለህ።»

ያሬድ እጁን እየጠረገ በረራው ለነገ መሆኑን ነገረው።

«የት ትሄዳለህ?» አለ ሰፍዋን፣ ከልቡ ተገርሞ። «ትርኢቱ ላይ ብትበላሽብኝ ማን ይነካታል? እስጢፋኖስ የለም። ያለኸው አንተ ነህ። አስከሬኑን አወል ያደርሰዋል፣ እዚያ ቤተሰብ ይቀበለዋል። ኸላስ፣ በቃ፣ ከትርኢቱ በኋላ ትሄዳለህ።»

«አስነሳትና ሂድ ብለኸኝ ነበር።»

«አላወቅሁማ፣ ወንድሜ። እንዲህ እንደምትችል አላወቅሁም።»

ሰፍዋን ሄደ። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ አምሮበት ይዞራል። አወል ወደ ቫኑ አመራና ተመለሰ።

«እናታችሁ የሞቱ ጊዜ» አለ፣ «እስጢፎ ለምን እንደቀረ ታውቃለህ?»

ያሬድ የሚያውቀውን ያውቃል። ደሴ ሁሉ ያውቃል። በእናቱ ቀብር ያልተገኘ ልጅ ተብሎ በየለቅሶው ተረግሟል። ስልክ ሲደውሉለት «ሥራ ነበረብኝ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ?» ብሎ ዘጋባቸው። ያሬድም ለዓመታት ይህን ይቅር አላለውም።

«እዚህ ነበር የቆመው፣ አንተ ያለህበት» አለ አወል። «ያኔም ትርኢት ነበር። ሰፍዋን ‘ከአንተ በቀር ማን ያውቃታል’ አለው። እስጢፎ እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው። እኔ እያየሁ፣ ያሬዶ። ከዚያ ለቤት እንዳትነግራቸው፣ መጥፎ ነው ይበሉኝ አለኝ። አንተ የመጣህ ጊዜም ጠይቄዋለሁ፤ ወንድምህን ሰው ፊት ለምን ታዋርደዋለህ አልኩት። ‘ጎማ አጣቢ ፈቃድ ሲጠይቅ ማንም አይከለክለውም’ አለኝ።»

«ጣቴስ?»

«ጣትህን እንጃ» አለ አወል። «ስለ ጣትህ አንድም ቀን አላወራም።»

አወል ሬሳውን ለማምጣት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። ሻንጣውን ከቤት ላምጣልህ ወይስ እዚያው ይቀመጥ ብሎ ጠየቀው። ያሬድ ከሻንጣው ነጩን ጋቢ ብቻ አውጥቶ የሬሳ ሳጥኑን እንዲያለብሰው ለመነው። ቫኑ በአቧራው ውስጥ እስኪጠፋ በዓይኑ ሸኘው።

ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። ቬንትሌተሩ ዝግ እያለ ዞረ፣ ዞረና በእውነት ቆመ። ያሬድ መቆሙን እስኪያረጋግጥ ጠበቀ። ወደ ሞተሩ አጎንብሶ አንደኛውን ጉርድ ጣቱን በምላሱ አረጠበ፤ እጁንም በክንፎቹ መካከል አሳልፎ የወንድሙን ነጭ ምልክት ሳይነካ፣ የጠመኔውን መስመር አንድም ብናኝ እስከማይቀር ድረስ አበሰው።